ካስክ ሥር ያለ ሰው አይሰማም

«አንገትሽን ቀና አድርጊልኝ ቤዚዬ… እንደዚያ። ዘንድሮ ዝናቡ ለጊፋታ በዓልም አልለቅ አለ አይደል? ያን ሁሉ ጭቃ አልፈሽ መምጣትሽ ራሱ ጉብዝና ነው። አመመሽ እንዴ? ግንባር ላይ ትንሽ ይይዛል፤ ነገ ይለቅሻል። እና ምን አልሽኝ? ገንዘብ ችግር ባይሆን ቤት የት ትገዢ ነበር?… አይ አንቺ! ስልክሽ ነው እንዲህ ያለውን የሚጠይቅሽ?»

ሚርያም ቤዚን ሹሩባ እየሠራች ጥያቄውን የሰማችው በግማሽ ጆሮዋ ነበር። ልቧ ገና አሁን የተነገራትን ነገር እያመነዠከ ነው። ሶዶ ውስጥ ያለችው ፀጉር ቤቷ ጠባብ ናት፤ ከመጋረጃው ጀርባ እሷና እናቷ ባዳቾ ያድራሉ። በሩ አጠገብ የባዳቾ የቆርቆሮ ሳጥን አለ። ከፋሲካ ጀምሮ በገመድ ታስሮ የሚሄድበትን ቀን ይጠብቃል፤ ደንበኛ ሲበዛ ደግሞ ወንበር ይሆናል። ባዳቾ ጉኑኖ የነበራትን ቤት ሸጣ ለወንድ ልጇ ለቃለሕይወት መሠረት ማውጫ ስትሰጠው፣ ቤቱ ሲያልቅ በመንገድ በኩል ያለው ክፍል የእሷ እንዲሆን ተባብለው ነበር። ቤቱ አለቀ። እሑድ ይመረቃል።

ቅድም፣ ቤዚ ሳትመጣ፣ የቃለሕይወት ሚስት ሶፊ የገፋ ሆዷን ይዛ ለምርቃቱ ፀጉሯን ልትሠራ መጣች። ቦርሳዋን ሳጥኑ ላይ ጣል አድርጋ፣ ቢጎዲኑን አስጠቅልላ ስትጨርስ፣ «ለእማማ እሑድ ባጃጅ እንልክላቸዋለን፤ የሥጋውን ማባያ ዳታ እሳቸው ያዘጋጁልን። ሳጥኑን ግን አያምጡት፤ ያ ክፍል የእንግዳ ሆኗል» አለችና ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ገባች።

ባዳቾ ሚርያምን አንድ ቃል አስገብታታለች። ስለ ክፍሉ ለምራቴ ትንፍሽ እንዳትዪ ብላታለች። ሚርያም ደግሞ ቃሏን የምትበላ ሴት አይደለችም። ለሶፊ ትንፍሽ አትልም። ቤዚ ግን ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች፣ የማን ዘመድ ማን እንደሆነ ገና ያልለየች መምህርት ናት፤ ለቤዚ መናገርን የከለከለ የለም።

«እንዳው ከተጠየቅሁ አይቀር… ሐዋሳ አልልም። ሐይቁስ ያምራል፤ ግን ቤቱን እኔ ገዝቼ ትንኙ ሊኖርበት፣ ምን ፍርድ ነው? አዲስ አበባም ይቅርብኝ። ጎረቤት ሊፍት ውስጥ ሲገናኝ ጫማ ጫማውን ይተያያል አሉ፤ እውነት ነው? ተበላ ከተማም ቆላ ነው፣ ሙቀቱን አልችለውም። እኔ እዚሁ ሶዶ ነኝ፤ የዳሞታን ተራራ ፊት ለፊት እያየሁ። አንዲት የማውቃት ሴት እዚያ ጋ የሠራችውን ቤት አይቼ እኮ ነው! ቤዚዬ፣ ቤት ብሎ ዝም። ሽንት ቤቱ ብቻ አራት ነው። አርቆ ማሰብ ማለት ይኼ አይደል? እዚያ ቤት መኝታ ያጣ ሰው እንኳ መቀመጫ አያጣም።»

ይኼኔ መብራት ሄደ። ካስኩ አንዴ ተነፈሰና ዝም አለ፤ ቤቱም ዝናቡ ከቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እስኪሰማ ድረስ ጸጥ አለ።

ሚርያም በመስታወቱ ውስጥ ሶፊን አየቻት። ቢጎዲኑ ገና እርጥብ ነው። ሶፊ ዓይኗን ስልኳ ላይ ተክላለች፤ ጣቷ ግን አይንቀሳቀስም። ብትነሳ «የምታወሩት ስለ እኔ ነው» ማለቷ ነው። ቁጭ ብትል እስከ መጨረሻው መስማቷ ነው። ሚርያም ለአፍታ ልትተወው አሰበች፤ ታሳዝናለች፣ ነፍሰ ጡር ናት። ከዚያ ዓይኗ ሳጥኑ ላይ የተጋደመው ቦርሳ ላይ አረፈ።

«ግዴለሽም እንጫወት፤ ካስክ ሥር ያለ ሰው አይሰማም። ምን እያልኩሽ ነበር?… ሴትዮዋ። ሰው አክባሪነቷስ! አማቷን በአንቱታ ነው የምትጠራት። ‹አይግቡ› ትላለች እንጂ ‹አትግቢ› ብላት አታውቅም። ደግሞ ስስቷ! ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ ‹አሮጊት ተንሸራታ ብትወድቅብንስ?› ብላ በሩ ላይ እንኳ አታደርሳትም። ስንቷ ምራት እንዲህ ትጨነቃለች? ሶፋውም ነጭ ነው፤ የአማትየዋ ራስ ደግሞ ቅቤ አይለየውም። ሶፋው እንዳይቆሽሽ፣ አሮጊቷም እንዳትሳቀቅ፣ ሁለቱን በፍቅር ለያየቻቸው። ለሶፋው ውስጡ ደረሰው። ላስቲኩን እስካሁን አላወለቁለትም… ብርድ እንዳይመታው ይሆናል።»

ቤዚ ሳቀች። ሚርያም አልሳቀችም፤ ሌላ ዘለላ ፀጉር አንስታ ለሦስት ከፈለችው።

«ውሻ አላቸው። ለእሱም ቤት ሠርተውለታል፤ ጣራው ከዋናው ቤት ጣራ ጋር አንድ ቀለም ነው። በመንገድ በኩል ያለችውን ክፍል ግን ለውሻውም አልሰጡትም፤ እሷ የእንግዳ ናት። የቱ እንግዳ አትበዪኝ፣ ገና አልመጣም። አየሽ እንግዳ መውደድ? ገና ላልመጣ ሰው አልጋ ማንጠፍ! የመጣውንማ ማንም ያስተናግዳል… የኛ የድሮ ሰዎች ይኼን የት ያውቁታል? ጉኑኖ፣ አባቴ ቤት፣ ያ ትልቁ የሳር ቤት ውስጥ ላማችን ከእኛ ጋር ነበር የምታድረው። እኛ በዚህ በኩል፣ እሷ በዚያ በኩል፣ አንድ ጣራ ሥር። አባቴ ‹ላሟ ገባች?› ሳይል በር አይዘጋም ነበር። ኋላ ቀርነት እኮ ነው! ሴራሚክ የለ፣ መስታወት የለ… ላም እንኳ ውጭ አታድርም።

«አዲስ ቤት ሲገባ ምን ይባላል? ‹ቤት ለእምቦሳ› ይባላል፤ ባለቤቶቹም ‹እምቦሳ እሰሩ› ይላሉ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ… ጥጃው ውስጥ ከታሰረ እናቱ የት ትታሰር? ማንም አይጠይቅም። ‹ቤት ለእምቦሳ› ብሎ ይገባል፣ የድግሱን ሙቹዋ ይበላል፣ አፉን ጠርጎ ይወጣል። ሙቹዋውም ቢሆን ከሆቴል ነው የሚመጣው አሉ፤ ኩሽናው አዲስ ነዋ፣ ለምን ይነካ?»

ትናንት ማታ እናቷ ያለችው ትዝ አላት። ባዳቾ የሳጥኑን ገመድ እያጠበቀች፣ «ወንበሬን መስኮቱ ሥር አደርግና ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያልፈውን ሁሉ ሰላም እለዋለሁ» ብላ ነበር፤ እንደ ሙሽራ እያፈረች።  ሚርያም ሳታውቀው ጉንጉኑን አጠበቀችና ቤዚ ጭንቅላቷን ያዘች።

«ይቅርታ የኔ ቆንጆ… አልታወቀኝም። እና ገንዘብ ችግር ባይሆን ብለሽኛል። ሙሉ ቤት ምን ያደርግልኛል? አንድ ክፍል ነው የምገዛው። በመንገድ በኩል የሆነች፣ መስኮት ያላት። ከሰው ቤት ውስጥ አንዷን ክፍል ብቻ የሚያሻሽጥ ደላላ ታውቂያለሽ? ለራሴ አይደለም፣ ለአንዲት አሮጊት ነው። አሮጊቷ ሞኝ ናት፤ ክፍሏን አንዴ ገዝታት ነበር። ቤቱ መሠረት ሲወጣለት የእሷ ቤት ነው ተሸጦ እዚያ ጉድጓድ የገባው። እንግዲህ ከመሬት በታች ያለው የእሷ ነው፣ ከመሬት በላይ ያለው የባለቤቶቹ… ምን ቅር ያሰኛል? ሁላችንም መጨረሻችን ከመሬት በታች አይደል? እሷ ቀድማ ሠራች።

«ልጇስ አትዪኝም? ልጇማ ወርቅ ነው! እናቱን እንዴት ይወዳታል መሰለሽ። ሚስቱ ከፈቀደችለት ነገም ይወዳታል።»

መብራት መጣ። ካስኩ አገሳ፤ ሶፊ ግን ከዚያ በላይ አልተቀመጠችም፣ ክዳኑን በገዛ እጇ ገፋ አደረገችው። ፊቷ በላብ ርሷል። ሚርያም የቤዚን ሹሩባ በማያዣ ይዛ ሄደችና ቢጎዲኑን አንድ በአንድ ፈታችላት፤ እንደ ሕፃን ፀጉር በቀስታ አበጠረችላት። ከኋላ ትንሿን መስታወት ይዛ አሳየቻት። ከዚያም ቦርሳውን ከሳጥኑ ላይ አንስታ፣ የሳጥኑን ክዳን በሽርጧ ጠርጋ፣ ቦርሳውን በሁለት እጇ አቀበለቻት።

«እሰይ፣ እንዴት አማረብሽ! ገንዘብሽን መልሺ፣ ምን ነካሽ? ቤዚዬ፣ አላስተዋወቅኋችሁም እንዴ? የወንድሜ ሚስት ናት።»

ቤዚ ሶፊን አየች፣ ሳጥኑን አየች፣ ስልኳን ቀስ ብላ ኪሷ ከተተች።

«እማዬ እሑድ ትመጣለች፤ ባጃጁን ላኩላት። ሳጥኑን አታመጣም፣ አታስቢ፤ እዚህ ለሰው መቀመጫ ሆኖናል። እኔ ሥራ ይዞኝ ባልደርስ እዚሁ ልመርቅሽ። ቤቱን የሳቅ፣ የደስታ ያድርግላችሁ። ጌታ በሰላም ያገላግልሽ። ወንድ ነው አሉ፤ እልል ነው! ልክ እንደ አባቱ እናቱን የሚወድ ይሁንልሽ። አድጎ፣ ተምሮ፣ ከዚህ የበለጠ ፎቅ ይሥራ፤ አንቺም ለዚያ ቀን ድረሺ። ያኔ ደግሞ ጌታ ባዕድ አያምጣብሽ… ቁርጥ አንቺን የመሰለች ሚስት ይስጠው። አሜን በይ እንጂ የኔ እህት… ምርቃት እኮ አሜን ካላሉት አይደርስም።»