ለቡሄ በወንዙ ዳር ስለጮኸው ጅራፍ

ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ ጁባ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ሰኞ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
የምስክሩ ስም፦ ማስረሻ አለባቸው
ዕድሜ፦ 74
ሥራ፦ ግንበኛ
አድራሻ፦ ሙኑኪ
አስተርጓሚ፦ እንድሪያስ፣ ከኢትዮጵያውያን ማኅበር

ዕድሜዬ ሰባ አራት ነው። ባለቤቴ ሒሩት ካረፈች አራት ዓመቷ ነው፤ ብቻዬን እኖራለሁ። ልብሴን አጥባለሁ፣ ወጤን እሠራለሁ፣ ከሙኑኪ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ድረስ ቦዳቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ሳልይዝ በእግሬ እደርሳለሁ። ይህ በቅድሚያ ይጻፍልኝ ያልኩት መርማሪው ገና ሲያዩኝ ሽማግሌው ቤቱ ሄዶ ይረፍ ስላሉ ነው።

ትናንት እሁድ የእኛ ሰዎች ቡሄን ለማክበር በወንዙ ዳር ባለው መናፈሻ ተሰብስበን ነበር። በዓሉ የዋለው ማክሰኞ ሲሆን፣ የሥራ ቀንም ጾምም ስለነበር ዝግጅቱን የምታስተባብረው ፀደንያ ወደ እሁድ አዛወረችው። በአገራችን በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ይጮሃል። ሰው አይመታበትም፤ የሚመታው አየሩን ነው። ጅራፉን ከቃጫ የገመድኩት እኔ ነኝ።

ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ገደማ ወጣቶቹ ተራ በተራ ሞከሩ። ለአንዳቸውም አልጮኸም። አክሊል የሚባለው የሆቴል አስተናጋጅ ሲሞክር ጅራፉ ዞሮ አንገቱ ላይ ተጠመጠመበትና ሁሉም ሳቀ። እኔም "ልጄ፣ ራስህን ሳታንቅ አምጣው" አልኩት። እሱ ግን "አባባ ይቅርብዎት፣ እዚህ አገር ይህ ድምፅ ሌላ ነው" አለኝ። ፀደንያ ደግሞ "ትከሻዎ ቢወልቅ ወጌሻ ከየት እናመጣለን" አለች። ሁለቱም ሽምግልናዬን የነኩ መሰለኝ። የአክሊልን ለይቼ አልሰማሁትም። ጥፋቴ ይኸው ነው።

ጫፉን በውሃ አርሼ ሦስት ጊዜ አጮህኩት። አንደኛው ሲጮህ ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። በሁለተኛው የመናፈሻው ሙዚቃ ቆመ። ከሦስተኛው በኋላ ዞር ብዬ ሳይ ከእኛ ሰዎች በቀር የቆመ አልነበረም። ሻይ የምትሸጠው ሴት ብርጭቆዎቿ ላይ ወድቃለች። አንድ ቦዳቦዳ ነጂ ሞተሩን ጥሎ ቦይ ውስጥ ገብቷል። ከጎናችን ምንጣፍ ዘርግታ የነበረች እናት ልጇን ከሥሯ አድርጋ በላዩ ተኝታለች። ልጁ አላለቀሰም፤ እንደለመደ ሰው ዝም ብሎ ያየኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ እጄ አልተነሳልኝም።

ወታደሮች ተኩስ መስሏቸው እየሮጡ ሲመጡ አክሊል ጅራፉን ከእጄ ነጠቀኝና "አባባ ዞር ይበሉ፣ እንዳይናገሩ" አለኝ። ከዚያም "ያጮህኩት እኔ ነኝ" ብሎ ተያዘ። የእኔ ዐረብኛ አሸዋና ሲሚንቶ ለማዘዝ እንጂ ለዚህ ስለማይበቃ ብጮህም የሰማኝ የለም። አክሊል እስካሁን እንደታሰረ ነው። ከአገር ሊባረር እንደሚችል ከመርማሪው ተረድቻለሁ።

"ለአክሊል አዝነህ ነው፣ ይህ ክንድ ያንን አያጮህም" ስባል፣ ጅራፉ ይምጣልኝና እዚሁ ግቢ ውስጥ ላሳይ ብያለሁ። መርማሪው ስቀው፣ በር ላይ ያሉት ዘቦች መሣሪያቸው እንደተቀባበለ አስነግረውኛል። ስለዚህ ቀርቷል። በምትኩ መዳፌን አሳይቻለሁ፤ ቃጫው ልጦታል። የአክሊልም መዳፍ ይታይ፣ ምንም የለበትም። ያለው አንገቱ ላይ ሰምበር ነው። ጅራፍ ማጮህ የሚችል ሰው አንገቱ ላይ ሰምበር አያወጣም።

ይህ ቃል በአስተርጓሚው ተነቦልኝ የጨመሩብኝም የቀነሱብኝም እንደሌለ አረጋግጫለሁ፤ ሐሰት ቢገኝበት ተጠያቂው እኔው ነኝ። በጣትህ ፈርም ተብዬ አልፈለግሁም፣ ስሜን መጻፍ እችላለሁ። ከመፈረሜ በፊት ግን ዕዳዬ ይጻፍልኝ ብያለሁ። ማኅበሩ እናዋጣ ቢልም አልተቀበልኩም። የሻይ ሻጯን ብርጭቆዎች እኔ እተካለሁ። የሞተሩን መስታወት እኔ አሠራለሁ። ያቺን እናት ፈልጌ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ቃሉን እንድሪያስ ያስጠናኛል፣ የምናገረው ግን እኔ ነኝ። አክሊል በእኔ ፈንታ እዚህ አንድ ሌሊት አድሯል። እሱ ይውጣ፤ ለዚያ ሌሊት ዕዳዬ ብርድ ልብሴን ይዤ መጥቻለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ማስረሻ
የአስተርጓሚው ፊርማ፦ እንድሪያስ
የመርማሪው ፊርማ፦ (ተፈርሟል)