ሽምብራ የተዘራበት መሬት

ለቀናት በድንጋይ ተዘግቶ የከረመው የሰበታ መንገድ በተከፈተ ማግስት ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት ከጎኑ ካሉት አዛውንት ጋር ወሬ ጀመረ።

«ነገ የቤቴን መሠረት አስጀምራለሁ፣ ኦቦ። ድንጋይ የሚያመጣው መኪና ማለፍ ችሏል።»

«አፈሩን አይተኸዋል?»

«ውሉን ለጠበቃ አሳይቻለሁ። ማስተር ፕላኑ ይነካው እንደሆነም ጠይቄያለሁ።»

«እኔ የምልህ አፈሩን ነው።»

«አፈር ያው አፈር አይደል? ጥር ላይ ስገዛው ዶማ እንኳ አይበሳውም ነበር።»

«ተሰነጣጥቋል?»

«እጅ ያስገባል።»

«ምን ይዘራበት ነበር?»

«ሽምብራ አሉኝ።»

«ዋልካ ነዋ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳህንም ይዞ ነው የሚሰነጠቀው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ጥቁሩ አልቆ ጠንካራው እስኪመጣ ቆፍር።»

«ካላለቀስ?»

«ሽምብራህን ትዘራለህ።»

ወጣቱ ሳቀ። አዛውንቱ አልሳቁም።

«ቦታህ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ግራሩ ያለበት አይደል?»

«እንዴት አወቁ?»

«ግራሩ አጠገብ ውሃ ፍለጋ ቆፍሬ ነበር። ከቁመቴ በላይ ወርጄም ጥቁር ነው።»

«መሬቱ የአንቱ ነበር?»

«ማስተር ፕላኑ በነጻ ሊወስድብህ ነው እያለ ደላላው ሲያስፈራራኝ ሸጥኩለት።»

«ስለ አፈሩ ምነው ሳይነግሩት?»

«እሱስ መቼ ጠየቀኝ? አንተስ ብትሆን ጠበቃ ዘንድ ሄድክ እንጂ እኔ ዘንድ መጣህ?»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፈኝ።