የደሴቱ ጭጎጎት

ያን ቀን ጠዋት ደብሪቱ ቤት እንስራው ሁሉ በውኃ ተሞልቶ ነበር። ባዶ ጀሪካን አንጠልጥላ ሽሮ ሜዳ ቦኖ የወረደችው፣ አንዲት ጎረቤቷ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ በአጥሩ ቀዳዳ ስላየች ነው። ሰልፉ ላይ ከሴትዮዋ ቀጥላ ቆመች። ከኋላዋ ወጣቷ ሾዴ ስትመጣ ዞር ብላ ሳመቻትና ወሬዋን ጀመረች። የምታንሾካሹክ ትመስላለች እንጂ ድምፅዋ ቧንቧው ድረስ ይሰማ ነበር።

«እንዴት አደርሽ ሾዴዬ? ብርዱን እንዴት ቻልሽው? የዘንድሮ ጥቅምትስ ጨክኗል... ባሌ ወልዱ እንኳ ሽመናው ላይ እጁ ደንዝዞ መወርወሪያው አመለጠው። እንዲህ ባለው ጊዜ ሞቃት አገር ከርሞ የመጣ ሰው ምንኛ ታድሏል! ልጆቹን አሸዋ ላይ ለቆ፣ ባሕር ዳር ጋደም ብሎ... እኛ ከዚህ ቦኖ ሌላ ምን ውኃ እናውቃለን?

«ስም አልጠራም፤ ምን አድርጋኝ? ደግ ሰው ናት። ባሏ ፋብሪካው ውስጥ ኮከብ ሠራተኛ ተብሎ፣ ከምጽዋ ማዶ ደሴት ላይ ከነቤተሰቡ እንዲዝናና ተሸለመ ሲባል ሰፈሩ እልል ብሎ አልሸኘም? አንቺም ነበርሽ። እኔ ሞኟ ደግሞ የባሕር ነፋስ ይመታቸዋል ብዬ የወልዱን አዲስ ጋቢ አዋስኳቸው። ለምጽዋ ጋቢ! ሳቂ እንጂ፣ እኔም በራሴ ስቄያለሁ።»

ሾዴ ለመሳቅ አልደፈረችም። ከፊታቸው የቆመችው ሴት ነጠላዋን ወደ ጆሮዋ ሳብ አደረገች። ደብሪቱ ይህን ስታይ ደስ አላት፤ ድምፅዋንም ከፍ አደረገች።

«ጋቢው በክብር ተመለሰልኝ። ታጥቦ፣ ታጥፎ... እንዲህ ያለ ንጹሕ ሰው የት ይገኛል? ዘርፉ ላይ ብቻ ጭጎጎት ተሰክቶበታል። የመስቀል ሰሞን ሜዳ ያቋረጠ ሰው ቀሚስ ላይ የሚለጠፈው፣ የኛው ጭጎጎት! የፈጣሪ ሥራ አይገርምም? ጨው ባሕር መሀል ለካ ጭጎጎት ይበቅላል? ጋቢዬ የሚሸተው የኩበት ጭስስ በየት በኩል ባሕሩን ተሻግሮ ገባ?... ሽልማቱ መጨረሻ ላይ ለሌላ ሰው ዞሯል፣ እነሱም ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ እናቷ ቤት ነው የከረሙት የሚሉ አሉ። የሰው አፍ! እኔማ አላመንኩም። ቢሆንስ? በእልልታ የተሸኘ ሰው በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ በምን ፊቱ ይመለሳል? ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን እኔው ራሴ እሸፍንላት ነበር።»

እዚህ ላይ ደብሪቱ ባዶ ጀሪካኗን መሬት አስቀመጠች። ከዚያ ቀጠለች።

«የኔን ልጅ ፀሐዬን ታውቂው የለ? ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ምጽዋ ነው መባሉን ብቻ ነው የማውቀው። ይህቺ ደግ ሰው ስትነሳ ‹ካገኘሽው ስጪልኝ› ብዬ በሶ አስያዝኳት። ካገኘሽው ነው ያልኩት፤ ባታገኘው ማን ይወቅሳታል?... አገኘችው! መጥታ ሁለት እጄን ይዛ፣ ‹በሶውን ፊቴ በጥብጦ ጠጣ፤ ወፍሯል፤ ሲስቅ የፊት ጥርሱ ወተት ይመስላል› አለችኝ። እልል አልኩ። ወልዱ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ለቁስቋም ማርያም ጧፍ ይዤ ሮጥኩ።

«በኋላ ጭጎጎቱን ቁጭ ብዬ ስለቅም ግን... የፊት ጥርሱ? ልጅ ሳለ ቁስቋም ዳገት ላይ ወድቆ አልሰበረውም እንዴ? ሲስቅስ አፉን በእጁ ይሸፍን አልነበር?... እንግዲህ ደሴቱ ጥርስም ያበቅላል ማለት ነው። ጭጎጎት ያበቀለ ምድር ጥርስ ያቅተዋል?»

ወረፋው ደረሰ። ሴትዮዋ ጀሪካኗን ቧንቧው ሥር አስጠግታ አጎነበሰች። ውኃው ሞልቶ ጫማዋ ላይ ሲፈስ እንኳ ቀና አላለችም። ደብሪቱ እጇን ሰደደችና ቧንቧውን ቀስ አድርጋ ዘጋችላት። ፊቷን ግን ከሾዴ አላነሳችም።

«ደግ የዋለን ሰው መመረቅ ነው ሾዴዬ፤ አንቺም አሜን በይ። የዚያች ሴት የበኩር ልጅ ቁመቱ ለጠብመንጃ ደርሷል አሉ፤ ዕድሜ ይስጥልኝ። እሱም የተጠራ ቀን፣ አገሩ ርቆባት፣ ወሬው ጠፍቶባት፣ ዓይኗ ከደጅ አልነቀል ሲል... እግዚአብሔር እንደሷ ያለ መንገደኛ አያሳጣት። እሷ ልጄን እንዳየችልኝ፣ የሷንም ልጅ እንዲሁ አድርጎ የሚያይላት ሰው ይስጣት።»