ማርኩ የተቆረጠ የክርስትና ቀሚስ

ከጎሮ ወደ መገናኛ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ወጣት ሴቶች ከኋላዬ ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ነገ የጓደኛዋን ልጅ ክርስትና ታነሳለች።

«ቀሚሱን አሳዪኝ እስኪ» አለች ሌላኛዋ። «ውይ ሲያምር! ከየት ገዛሽው?»

«ሰልባጅ ነው።»

«ለክርስትና? አብደሻል?»

«አንድ ቀን ለሚለበስ ቀሚስ ሌላ አዲስ ይሰፋ? የሚጣለው ጨርቅ ምድሩን ሞልቶት የለ! እኔ እኮ ለራሴም አዲስ መግዛት ካቆምኩ ቆየሁ።»

«ላንቺማ ይሁን። የልጅቷ እናት ብታውቅስ?»

«አንገቱ ላይ ያለውን ማርክ ቆርጬዋለሁ።»

«ጭራሽ! የአዲስ ልብስ ማርክ ይቆረጣል እንዴ? አያትየዋ ገልብጣ ነው የምታየው።»

«አታስፈራሪኝ በናትሽ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።»

«እውነቱን ንገሪያታ።»

«ምን ብዬ? እርጉዝ ሆና ‹የኔ ልጅ የሰው ልብስ አትለብስም› ብላኛለች።»

«ምነው?»

«እሷ የሰው ልብስ ለብሳ ነዋ ያደገችው።»

«የማንን?»

«የኔን። እናቷ እኛ ቤት ነበር የምትሠራው። እኔን የጠበበኝ ሁሉ ለሷ ነበር የሚሰጠው።»

ለሠራተኛዬ ልጅ የያዝኩትን፣ አሮጌ ልብስ የታጨቀበትን ፌስታል ከጭኔ አውርጄ እግሬ ሥር አስቀመጥኩት።