አልከፈት ያለው በር

በመጋቢት መጀመሪያ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የታመመ ባልደረባዬን ልጠይቅ ከሮብ ገበያ በእግር ተነሥቼ ወደ ጮቄ ጥግ ስወጣ፣ ከመንገዱ ዳር አንድ ሽማግሌ ከበር ጋር ሲታገሉ አገኘሁ። ቤቱ አዲስ ነው፤ ቆርቆሮው ገና ያበራል። ሽማግሌው በትከሻቸው ይገፋሉ፤ በሩ ግን መቃኑን ነክሶ አልንቀሳቀስ ብሏል። ከውስጥ የሴት ድምፅ «አባባ፣ ከታች በኩል ይግፉት!» ይላል። ዝም ብዬ ማለፍም፣ ሳልጠራ መግባትም አሳፈረኝ። በመጨረሻ አብሬ ገፋሁ። በሩ ጮኾ ተከፈተና አንዲት ወጣት እናት ሕፃን አዝላ ወጣች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ ጌታ» አሉ ሽማግሌው ላባቸውን እየጠረጉ። «እርጥብ እንጨት ሆኖ ነው። አማቼ አንተነህ ደጋግሞ ላገው፤ እሱ በላገ ቁጥር ያብጣል።»

«እንጨቱ አላበጠም፣ አያ። መቃኑ ነው የተጣመመው» የሚል ድምፅ ከኋላችን ተሰማ።

ተናጋሪዋ የኔአለም የምትባል የወንድማቸው ልጅ ነበረች። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ስለ አፈርና ውሃ ጥበቃ ተምራ በቅርቡ ወደ መንደሯ ተመልሳለች። ሽማግሌው አያ አካለ ወልድ ደግሞ የመንደሩ የውሃ አባት ናቸው። ከወንዝ ተጠልፎ በዳገቱ ወገብ የሚመጣውን የመስኖ ቦይ በተራ የሚያካፍሉ፣ በውሃ ጠብ ሲነሣም የሚዳኙ እሳቸው ናቸው። ቤቱ የልጃቸው የሥራነሽ ነው፤ በዳገቱ ግርጌ ይህን ቦታ የመረጡላት አባቷ ናቸው።

«ይኸው ጀመረች!» አሉ አያ አካለ ወልድ ወደ እኔ ዞረው። «እርስዎ አስተማሪ ይመስላሉ፤ እስቲ ይፍረዱን። ይቺ ልጅ ከተመለሰች ወዲህ ምንጭ ትፈራለች።»

ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ከዳገቱ ሥር፣ ከቤቱ ግድግዳ ብዙም ሳይርቅ፣ ጠራ ያለ ውሃ ይፈልቃል።

«አምና ነው የፈለቀ» አሉ በኩራት። «ያውም በበጋ! ከዚህ ሌላ ቦይ አውጥቼ የታችኛውን መስክ ድንች ላለብሰው ነው። ይህን የመሰለ በረከት ይፈራል?»

«በረከቱን አልጠላሁም፣ አያ» አለች የኔአለም። «ነገር ግን ይህ ውሃ አዲስ አይደለም፤ የራስዎ የቦይ ውሃ ነው። ከላይ ማሳዎ ይጠጣዋል፣ በመሬቱ ሆድ ያልፋል፣ ከሥራነሽ ጓሮ ይወጣል።»

«ውሃ ከላይ ወደ ታች እንደሚወርድ ለማወቅ ነው ያን ሁሉ ዓመት ደብረ ማርቆስ የተቀመጥሽ? እኔ ዘንድ ብትመጪ በአንድ ቀን አስተምርሽ ነበር!»

ሥራነሽ ሳቀች፤ እኔም ሳቄ አመለጠኝ። የኔአለም ግን ፊቷ አልተፈታም።

«ከማሳዎ አናት ላይ የነበረው ስንጥቅስ ምን ሆነ?»

«አርሼ ደፈንሁት።»

«እስቲ እንየው።»

ወጣን። ማሳው ዳገት ላይ ነው፤ ድንቹ አብቧል። የአጥሩ እንጨቶች ሁሉ ወደ ቁልቁለቱ አዘንብለዋል። አያ አካለ ወልድ ደፈንሁት ባሉት ቦታ ላይ የኔአለም ዘንጋቸውን ተቀብላ ወጋ አደረገችው። ዘንጉ ያለ ችግር እስከ እጀታው ገባ።

ገበሬ ስንጥቅ ሲያይ አርሶ መሸፈኑ የሚያስወቅሰው አይደለም። መሬትን እንደ ቆዳ ነው የሚያያት፤ አፉ የገጠመ ቁስል የዳነ ይመስለዋል። ክፋቱ ታርሶ የላላው አፈር ለውሃ የተከፈተ በር መሆኑ ነው። ውስጡ ሳይድን ላዩ ያምራል።

«መሬት በበጋ ይሰነጠቃል፤ ምን አዲስ ነገር አለው?» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቀድሞው አልነበረም።

«ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ እውነት ነው። ይህ ግን በየቀኑ ውሃ የሚጠጣ መሬት ነው። ጭድ የተጫነች አህያ ያስቡ፣ አያ። ዝናብ ሲመታት ጭዱ ይከብዳታል፤ መንገዱም ያዳልጣታል። ያን ጊዜ በዱላ ቢመቷት ምን ታደርጋለች?»

«ትወድቃለች።»

«ይህም ዳገት እንደዚያው ነው። የላዩ አፈር ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፤ ሥሩ ያለው ሸክላ ርሶ ያዳልጣል። ዱላው ደግሞ ክረምት ነው። መስኖ ብቻውን ተራራ ይንዳል አልልም፤ ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ዛፉም ተመንጥሯል። ግን ድሮ ክረምቱ ደረቅ መሬት ያገኝ ነበር። አሁን ገና ሳይዘንብ የጠገበ መሬት ያገኛል።»

ከጎን ባለው ማሳ የሺዋስ የሚባል ጎረምሳ አካፋውን ተደግፎ ቆሟል፤ ውሃው በድንቹ መደብ ላይ እየተንጣለለ ይሄዳል። የኔአለም አፈሩን ዘግና ጨመቀችው። ውሃ በጣቶቿ መካከል ወረደ።

«የሺዋስ፣ ይህ ድንች ጠምቶታል?»

«አልጠማውም። እንዲያውም ሥሩ መበስበስ ጀምሯል።»

«ታዲያ ለምን ታጠጣዋለህ?»

«ተራዬ ነዋ! ካላፈሰስሁት ያልፈኛል። የውሃ አባታችን ደንብ ነው፤ እሳቸውን ጠይቂያቸው።»

አያ አካለ ወልድ አቀርቅረው መሬቱን አዩ። «ያላፈሰሰ ተራው ያልፈዋል» የሚለውን ደንብ ያወጡት፣ ሰው ተራውን እየሸጠ ቢያስቸግራቸው ነበር። ደንቡ ጠቡን አበረደ። ግን በዚያ ዳገት ላይ የተጠማም ያልተጠማም ማሳ ቀንና ሌሊት ውሃ እንዲጠጣ ፈረደ።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ፣ የቀረውን ማስረጃ እንደሚያወጣ ባለጉዳይ። «ምንጩ ከእኛ ቦይ ከሆነ፣ ኪዳነ ምሕረትን እንዴት ያከብራል?»

«እንዴት ነው የሚያከብረው?» አልሁ እኔ፤ ያን ጊዜ ነው ቃል የወጣኝ።

«በየካቲት፣ በኪዳነ ምሕረት ሰሞን፣ እኛ ሥራ ስናቆም እሱም ይነጥፋል። አምናም ዘንድሮም በዓይኔ አይቻለሁ። በዓሉ ካለፈ በኋላ ይመለሳል። የተራ ውሃ በዓል ያውቃል?»

የኔአለም ወደ እሳቸው ዞረች። «በዓሉ ክቡር ነው፣ አያ፤ በእሱ አልከራከርም። በዚያ ሰሞን ሌላ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ምን እናደርጋለን! ቦዩን ዘግተን ደለሉን…»

ቦዩን ዘግተው ደለሉን ይጠርጋሉ። ቦዩ ሲዘጋ ምንጩ ይነጥፋል፤ ሲለቀቅ ይመለሳል። ይህን ዘወትር የሚያውቁ እሳቸው ናቸው፤ አንዱን ከአንዱ ጋር አጋጥመው ያዩት ግን አሁን ነው። ሥራነሽ ከታች ሕፃኑን እንዳዘለች ወደ እኛ ስትወጣ አዩዋት።

«በሩ እንዲህ የሚነክሰው ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብለው ጠየቋት።

«ምንጩ ከፈለቀ ወዲህ ነው፣ አባባ። አልነገርሁዎትም እንጂ ባለፈው ሌሊት ከውስጥ አልከፈት ብሎን ልጁን በመስኮት ነው ያቀበልሁት።»

አያ አካለ ወልድ የየሺዋስን አካፋ ተቀብለው ወደ ቦዩ አፍ ሄዱ።

«ኧረ አያ!» አለ የሺዋስ መንገዳቸው ላይ ቆሞ። «ልጅዎን ሊያድኑ የእኔን ድንች ሊገድሉ ነው?»

«የምገድለው የራሴን ነው። ስንጥቁ ያለው የእኔ ማሳ ላይ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ዳገት ላይ በመስኖ አላለማም። ያንተ ድንች ሥሩ እየበሰበሰ መሆኑን ራስህ ተናገርህ። ሲጠማው ታጠጣዋለህ፤ ተራህ አይታለፍም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የምሽረውም እኔው ነኝ። ጌታዬ፣ እርስዎ ምስክር ይሁኑ!»

የሺዋስ ጥቂት አመነታና አካፋውን መልሶ ወሰደ። «እሺ፤ እርስዎ ደክመዋል፣ እኔ ልዝጋው» አለ። ውሃው ከላይ ወደ ወንዙ ተመለሰ።

ፋሲካ ሳይደርስ ምንጩ ደረቀ። ቀረብኝ ብሎ ያዘነለት ግን አልነበረም። የሥራነሽን ቤት መንደሩ በደቦ አፍርሶ፣ ከዳገቱ ርቆ ጭንጫ ላይ ተከለው። አንዳንዱ ሰው «ምንጩ ከደረቀ ቤቱን ምን አስነቀለው?» ብሎ አጉረምርሞ ነበር። የኔአለም «የጠገበ መሬት በአንድ ወር አይራብም» ብላ አስተባበረቻቸው። ከስንጥቁ በላይ የዝናቡን ውሃ ወደ ጎን የሚያወጣ ቦይ ተቆፈረ። ውሃ በሚያሰርገው የመስኖ ቦይ ወለል ላይ ዋልካ ተደልድሎ ድንጋይ ተነጠፈበት፤ በጣም በሚያፈስበት ቦታ ፕላስቲክ ተዘረጋ። በአያ አካለ ወልድ ማሳ አፈር የሚይዝ ደሾ ሣርና ትሪ ሉሰርን የሚባል ቁጥቋጦ ተተከለ።

በነሐሴ ከዳገቱ አንድ ክፍል ተገምሶ ወረደ፤ የቀድሞው ቤት ወለል በነበረበት ቦታ ላይ ተዘረጋ። ሰውም ከብትም አልነካም። ውሃው እስከ ሰኔ እየፈሰሰ ቢቆይ ኖሮ ስንት ማሳ ይዞ ይወርድ እንደነበር የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ዘንድሮ በጥር ደግሜ ሄጄ ነበር። አያ አካለ ወልድ ጣታቸውን አፈር ውስጥ ከትተው እርጥበቱን ሳይለኩ ለማንም ውሃ አይለቁም። የሺዋስ ድንቹ መበስበሱ እንደቀረለት ነገረኝ። ውሃ ደርሷቸው የማያውቁ የቦዩ መጨረሻ ሰዎችም ተራ አግኝተዋል። በጥቂት ውሃ ብዙ ማሳ መልማቱን ያየ ሰው አዲሱን ደንብ ያለ ዳኛ ይጠብቃል።

ስሰናበት ሥራነሽ ቤት ገባን። በሩ ያው የድሮው ነው፤ በቀና መቃን ላይ ሲገጠም ግን ብዙ ጊዜ ተልጎ ኖሮ ጠቧል። በጎኑ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቶ ብርዱን ያስገባል።

«አንተነህ ሌላ በር ልሥራ ብሎ ነበር፤ አባባ ከለከለው» አለች ሥራነሽ።

አያ አካለ ወልድ በሩን በአንድ ጣታቸው ገፋ አደረጉት። ያለ ድምፅ ተከፈተ።

«ይቆይ» አሉ። «ስንጥቅ ማለት ምን እንደሆነ የምንረሳ ቀን፣ ብርዱ ያስታውሰናል።»