ጂቱ ያመጣችልኝ እንጨት

ጓድ ሊቀመንበር፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የስፌት ማኅበራችን አባላት፤ ከሥራችሁ ቀንሳችሁ ለእኔ ለመብሩካ ስለተሰበሰባችሁ፣ ይህንንም የስንብት ድግስ ስላሰናዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ዕድሜዬን ሁሉ ቁጭ ብዬ ስሰፋ ኖሬ ዛሬ ቁሚና ተናገሪ አላችሁኝ። ከተንገዳገድኩ ደግፉኝ።

ቅድም ጓድ አባይነህ ሲያስተዋውቁኝ «ከእንጨት ሸክም ተነሥታ ስፌት ቤት የከፈተች፣ የብዙ ሴቶች ባለውለታ» አሉ። ሊቀመንበራችን ሲያመሰግኑም ሪፖርት እንደሚያቀርቡ ነው፤ የሚቀር ነገር የለም። ያን ጊዜ አንገቴን የደፋሁት በትሕትና እንዳይመስላችሁ። አፍሬ ነው።

መነሻዬ እውነት ነው። አባቴ ሲሞት እናቴ ዘሀራ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ እየለቀመች ሾላ ገበያ ትሸጥ ነበር። እኔም ጀርባዬ ሲጠና ተከተልኳት። ዘበኛ ያባርረናል፤ ገመዱ ትከሻ ይልጣል። በኋላ አንዲት ጎረቤት ስፌት አስተማረችኝ፤ ቆይቶም እዚህ ጉርድ ሾላ የራሴን ስፌት ቤት ከፈትኩ። ሲሳካልኝ ከዚያው ከእንጦጦ መንገድ ሴቶችን እያመጣሁ አስተማርኩ። ይቺ እዚህ የተቀመጠችው ጂቱ አንዷ ናት። ያኔ የእሷ አማርኛ ገና ነበር፤ የእኔም ኦሮምኛ ከገበያ አያልፍም፤ በመቀስና በክር ተግባባን።

መርዳቴ ውሸት አይደለም። ግን ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ይቺን ከሸክም ሥር ያወጣኋት እኔ ነኝ» እል ነበር። ጂቱ ፊቷን ወደ ጨርቁ ትመልሳለች። ዓይን አፋር ናት ብዬ አልፋለሁ። ደግ ነኝ ያለ ሰው ራሱን ምን ብሎ ይጠርጥር?

ከዚያ ለውጡ መጣ፤ ቤቱም የስፌት መኪናዎቹም የማኅበሩ ሆኑ። ስለዚያ ዛሬ አልናገርም። እኔም እንደ ማንኛችሁም አባል ሆነሽ ግቢ ተባልኩ። እንቢ ብዬ ቤቴ ተቀመጥኩ። ቀጥሬ ካሠራኋቸው ጎን እንዴት ልቀመጥ? ያለኝን እየሸጥኩ በላሁ። የሚሸጠውም አለቀ፤ ምድጃዬ ቀዘቀዘ።

አንድ ጠዋት በመስኮት ሳይ ጂቱ እንጨት ተሸክማ ወደ ግቢዬ ትገባለች። ያን ሸክም ከጣለች ዓመታት አልፈዋል። ለልጄ ለሱልጣና «የለችም በያት» ብዬ ከመጋረጃው ኋላ ተደበቅሁ።

«እማዬ የለችም» አለቻት ሱልጣና።

«ይሁን። ማገዶ እንዳለቀባቸው ሰምቼ ነው።»

ሸክሙን አውርዳ ስትተነፍስ ይሰማኛል። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለማንም አልናገርም በያቸው» አለች።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አልወቀሰችኝም፤ አላሽሟጠጠችም። እኔ ረድቼያት ነበር፤ እሷ ግን ረዳችኝም፣ ሸሸገችኝም።

በማግስቱ ወደዚህ መጣሁ። ማንም ሳያናግረኝ ጂቱ ወንበር ሳበችልኝና «ዘገዩ እኮ፤ እጅጌው እየጠበቀዎት ነው» አለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረችም። ጂቱ፣ ምስጢርሽን ያወጣሁት እኔ ነኝና ይቅር በይኝ። ዝም ብዬ ብሄድ ምስጋናው ሁሉ በእኔ ስም ሊቀር ነው።

ከእንግዲህ ኮተቤ ቤቴ በረንዳ ላይ ከእንጦጦ የሚወርዱ ሴቶችን ስፌት አስተምራለሁ። ማኅበሩ ቁርጥራጭ ጨርቅ ቢሰጠኝ አልጠላም። ጂቱም በእረፍት ቀኗ እየመጣች ልታግዘኝ ቃል ገብታለች። እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ነገ እዚህ ሥራ ስትጀምር ማን አመጣሽ ብላችሁ አትጠይቋት። ስሟን ጠይቋት።

ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ መመረቅ የማውቀው በአላህ ስም ነውና ይለፉኝ። አላህ ጤና ይስጣችሁ። ዓይናችሁ የመርፌ ቀዳዳ ከማየት አይድከም። የወጡት ልጆቻችሁ በሰላም ይመለሱ። ክፉ ቀን ቢመጣ ገበናችሁን የሚሸፍን ጎረቤት አያሳጣችሁ። እጃችሁ ሲሰጥ አይኩራ፤ ሲቀበልም አይፈር።