በጥበቃ ቤቱ መስኮት ላይ የተመታው ፊልም

በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ ስለ ኮሮና ላስተምር ወደ ባንኮ ጎቲቲ ወጥቼ ሳለ ያልታሰበ ዝናብ ጣለና በአንድ ቡና ማጠቢያ ጥበቃ ቤት ተጠለልኩ። ውጭ ሠራተኞቹ የቡና ማድረቂያ አልጋዎቹን በላስቲክ ለመሸፈን ይራወጣሉ። የጥበቃ ቤቱ መስኮት መስታወት የለውም፤ በምትኩ የሐኪም ቤት የራጅ ፊልም በምስማር ተመቶበታል። ጠጋ ብዬ ሳየው የሰው ሳንባ ነው።

«የማን ነው?» አልኩት ጥበቃውን፣ ተሻለን።

«የጋሼ ከፈለኝ። ሳንባቸው ከእኔ ጋር ነው የሚያድረው» ብሎ ሳቀ።

ወዲያው የአልጋዎቹ ተቆጣጣሪ ጋሼ ከፈለኝ ዝናቡን ከባርኔጣቸው እያራገፉ ገቡ። ጤና መኮንን መሆኔን ነግሬ ስለ ፊልሙ ጠየቅኋቸው።

«ሚያዝያ ላይ ኮሮና ጥሎኝ ሐዋሳ በራጅ መሣሪያ ደረቴን አነሡኝ። ኮሮናውስ ለቀቀኝ። ሐኪሙ ግን ‹ቀኝ ሳንባዎ ላይ ምስር የምታህል ነጥብ አለች፤ በስድስት ወር ፊልሙን ይዘው ይመለሱ› አለኝ።»

«ስድስት ወሩ እኮ ጥቅምት ላይ አለቀ!»

«ታዲያ ደህና ነኛ! አላስልም፣ አያመኝም። እኔ የሄድኩት ለኮሮና ነው፤ ነጥብ ፈልግልኝ ያለው ማን ነው? ሌባ ገባብኝ ብለህ ፖሊስ ብትጠራ፣ ሌባውን ትቶ ጣሪያህ ያፈሳል ቢልህ ትሰማዋለህ?»

«የሚያፈስ ከሆነ እሰማዋለሁ።»

ተሻለ ሳቀ፤ ጋሼ ከፈለኝ ግን አልሳቁም።

«ልጄ፣ እንዲህ ያለ የደረት በሽታ ሲነካኩት ነው የሚነሣው። ጎረቤቴ ደረቱን ታየ፣ በወሩ ቀበርነው።»

«የገደለው መዘግየቱ ይሆናል እንጂ መታየቱ አይደለም።»

«አብረኸው ነበርክ?»

«አልነበርኩም» አልኩ፤ እውነቱ ይኸው ነውና። «ግን እንዲህ ያለች ትንሽ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ የቆየ ጠባሳ ናት፤ ጉዳት የላትም።»

«ጉዳት ከሌላት ለምን እሄዳለሁ?»

«አድጋ እንደሆነ ለማየት ነዋ!» ድምፄ ከፍ አለብኝ። ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ስንዞር ቆየን፤ በየዙሩ ትዕግሥቴ ይበተንና ደግሜ እለቅመዋለሁ። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ካደገችስ? ለባለቤቴ ለሮማነወርቅ ምን እላታለሁ? ነጥብ መኖሩንም አታውቅም» አሉ።

ለካ ስንከራከር የቆየነው ስለ ሳንባ ሳይሆን ስለ ፍርሃት ነበር። ስለ ጩኸቴ አፈርኩ።

በዚህ መካከል ናፍቆት የምትባል ሠራተኛ በበሩ ብቅ አለች። «ጋሼ፣ የሰባተኛው አልጋ ቡና ደርቋል። ዝናቡ ሳያበላሸው ይነሣ?»

«ዛሬ እርጥበቱን አንዴ ለክተሽ ደረቀ ትያለሽ?» ብለው ጮኹባት። «የየዕለቱ ልክ የሚጻፍበትን የአልጋውን ካርድ እዪ! ነገ ደግመሽ ለኪው፤ የዛሬውንና የነገውን ሳያስተያይ ቡና የሚያነሣ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ናፍቆት ሄደች። እኔ ዓይኔን መስኮቱ ላይ ወዳለው ፊልም መለስኩ።

«ምን ታያለህ?»

«ምንም። ያ አልጋ ካርድ አለው፤ የእርስዎም ካርድ ይኸው መስኮቱ ላይ ነው።»

ወደ ፊልሙ ቀና አሉ። ዝናቡም እያባራ ነበር። «አንተ ልጅ ነገረኛ ነህ» አሉና፣ «ተሻለ፣ መዶሻውን አምጣ» አሉ።

«ነፋሱስ ጋሼ?»

«ላስቲክ ምታበት!»

በሳምንቱ ጋሼ ከፈለኝና ባለቤታቸው ወይዘሮ ሮማነወርቅ ሐዋሳ ሄዱ፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። ሐኪሙ የፊልሙን አቧራ በእጅጌው ጠርጎ ከአዲሱ ጎን ሰቀለው። ምስሯ ምስር ናት፤ አላደገችም። ለእርግጠኝነት ከዓመት በኋላ ደግመን እንያት አለ። ብታድግ እንኳ ገና ትንሽ ሳለች ማከም እንደሚቀልም አስረዳ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ባላቸውን በክርናቸው ጎሸም አድርገው «ስምንት ወር ብቻህን ፈራህ?» አሉ።

ነጥቧን ያመጣት መሣሪያው አይደለም፤ ያሳየን ግን እሱ ነው። ያልፈለጉትን ማግኘት ያስደነግጣል፤ ያገኙትን መስኮት ላይ መምታት ግን ከድንጋጤው አያድንም። የተቀጠረ ቀን ሲከበር ወይ ሥጋቱ ይቀላል፣ ወይ ሕክምናው በጊዜ ይጀመራል።

በቅርቡ በዚያ ሳልፍ የጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ የአልጋ ካርድ ተሰቅሎ አየሁ። በአልጋው ቁጥር ቦታ «ከፈለኝ»፣ ከሥሩም «ታኅሣሥ 2015 ይታያል» ይላል። ተሻለ ግን ስለ ነፋሱ እስከ ዛሬ ይወቅሰኛል።